አዲስ የተቀባ መኪና ላይ የያዘ ሬንጅ፣ የውሃ ምልክትና ጭረት፤ ቀለሙ ሳይነሳ ማስለቀቅ ይቻላል?

የጦሳ_ልጅ (ደሴ) · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም፣ እንዴት አመሻችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ጽሑፉ ቢረዝምባችሁ ይቅርታ፤ ከሥሩ ካላስረዳሁ መልሱም የሚሆነኝ አይመስለኝም።

መኪናዋ ዲኤክስ ኮሮላ ናት። የአባቴ ነበረች። እሱ ካረፈ በኋላ ሁለት ዓመት ስለቆመች ጣሪያውንና ኮፈኑን ፀሐይ በልቶት ኖራ የተቀባ መስሎ ነበር። የዛሬ አምስት ወር ሙሉ አስቀባኋት፤ ጥቁር ሰማያዊ፣ የድሮ ቀለሟን። ከጋራዥ ይዣት የገባሁ ቀን እናቴ በር ላይ ቆማ አለቀሰች። ለዚህ ነው የደረሰባት ነገር እንቅልፍ የነሳኝ።

አንደኛ ሬንጅ። መንገድ ሲሠራ ትኩስ አስፋልት ላይ አልፌ ፓራፋንጎውና የበሮቹ ታችኛው ክፍል ጥቁር ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሆነ። ላቫጆ ወሰድኳት። ልጁ ቤንዚን በጨርቅ ነክሮ የቀኙን የፊት ፓራፋንጎ ሲያሸው ሬንጁ ለቀቀ፣ ግን የታሸበት ቦታ መዳፍ የሚያህል ፈዞ ቀረ። ወዲያው አስቆምኩት።

ሁለተኛ፣ የማሳድርበት ቦታ ላይ ከሲሚንቶ በረንዳ ውሃ ይንጠባጠባል። ክረምቱን ሙሉ ኮፈኑ ላይ ሲወርድ ከርሞ ነጭ ቀለበት ሠርቷል። ሲረጥብ ይጠፋል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። ኦሞ አልነካውም።

ሦስተኛ ጭረት። ሰኞ ገበያ መታጠፊያው ላይ ባጃጅ ታክኮኝ የግራው የኋላ በር ላይ ስንዝር ከምናምን ነጭ መስመር አለ። በቀኝ በኩል ደግሞ ገራዶ ስወርድ ቁጥቋጦ የቧጨራቸው ቀጫጭን መስመሮች አሉ፤ ፀሐይ ሲመታቸው ነው የሚታዩት።

የቀባልኝን ጋራዥ ስጠይቅ "ፎርኖ የገባ ቀለም ነው፣ በፖሊሽ ፓስታ ይታሻል፣ አትጨነቅ" አሉኝ። ልመናቸው?

---

ወሎዬው_ነኝ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

አብሽር ወንድሜ! ጭረቱን ኮልጌት በጨርቅ አድርገህ እሸው፣ ድራሹ ይጠፋል። ሬንጁን በነጭ ጋዝ። ይኼን ያህል የሚያሳስብ አይደለም።

---

እሙ_ሀያት (ደሴ) · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

ኧረ ኮልጌት ተው! ቀይ ቪትዝ አለችኝ፤ የፊት በሯ ተጋጭቶ ዳግም የተቀባ ነው። ትንሽ ጭረት ነበረበትና እንዲሁ ተብዬ በጥርስ ሳሙና አሸሁት። ጭረቱ እንዳለ ሆኖ ዙሪያው ድፍርስ አለ። የፋብሪካው ቀለም ያለበት የኋላ በር ላይ ያው ሳሙና ምንም አላደረገም። አንድ መኪና፣ አንድ ሳሙና፣ ሁለት ውጤት። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ የሚያውቅ ካለ ቢያስረዳን ደስ ይለኛል።

---

ጋሽ_ቀቢው (ኮምቦልቻ) · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡20

የጦሳ ልጅ፣ አባትህን ነፍስ ይማር። እስካሁን ካደረግኸው ሁሉ ትልቁ ልጁን ማስቆምህ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈውን ሳትጨርስ ጨርቅ እንዳታነሳ።

ኮምቦልቻ በቀለም ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ፤ አሁን ጉልበቴን ስላመመኝ እምብዛም አልሠራም። በዚያ ሁሉ ጊዜ ጭረት ካበላሸው መኪና ይልቅ ጭረት ለማጥፋት ሲባል የተበላሸው ነው የበዛብኝ። ሰው እድፉን ያያል፤ እድፉ የተቀመጠው ምን ዓይነት ቀለም ላይ እንደሆነ አይጠይቅም። እሙ ሀያት፣ ያንቺም መልስ እዚሁ ውስጥ አለ፤ ሁለቱ በሮችሽ ላይ ያለው ቀለም አንድ አይደለም።

የዛሬ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ ቀለሙ ከነሥሩ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ገደማ ነው። ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 70 ይሆናል። ከዚያ ውስጥ ላይኛው ክሊር፣ ማለትም ቀለም አልባው የሚያበራው ሽፋን፣ ከ35 እስከ 50 ብቻ። ማሸት ማለት ከዚች ላይ መላጥ ማለት ነው። ዳግም የተቀባ መኪና ስትለካው 300ም ከዚያም በላይ ሊያሳይህ ይችላል፤ ግን አትታለል፣ ወፍራሙ ከቀለሙ ሥር ያለው መሙያው ስቱኮና መነሻው ፕራይመር ሊሆን ይችላል። ከላይ ያለው ቀለም ስስ ሆኖ ታገኘዋለህ።

ከውፍረቱ የሚብሰው ደግሞ ዓይነቱ ነው። እኛ አገር መኪና የሚቀባው ወይ ማጠንከሪያ ተቀላቅሎበት በሚደርቅ ቀለም ነው፣ ወይ ማጠንከሪያ በሌለው፣ ቲነሩ ተንኖ ሲያልቅ ብቻ በሚደርቅ እንደ ኒትሮ ባለው ቀለም። የመጀመሪያው አንዴ ከጠነከረ ቤንዚን በቀላሉ አይፈታውም። ሁለተኛው ግን፣ ዓመት ቢያልፈውም ቲነር ሲያገኝ መልሶ ይሟሟል። ሁለቱም ከጋራዥ ሲወጡ እኩል ያበራሉ፤ በዓይን አትለያቸውም።

"ፎርኖ ገብቷል" የሚለውን ስማና እለፈው። ፎርኖ ሙቀት ነው። ማጠንከሪያ ያለውን ቀለም 60 ዲግሪ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ብታቆየው ቶሎ ይደርቅልሃል። ማጠንከሪያ የሌለበትን ቀለም ግን ፎርኖ አይለውጠውም።

እንግዲህ በገዛ እጅህ ፈትነው። ሁለት ፈተና ነው፣ ሁለቱንም ከማይታይ ቦታ ላይ፤ የበሩ የታችኛው ጠርዝ ወይም የነዳጁ ክዳን አጠገብ፣ አዲሱ ቀለም መድረሱን አረጋግጠህ። መጀመሪያ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ላይ ጥቂት ፖሊሽ አድርገህ ቀስ ብለህ እሸው። ጨርቁ ሰማያዊ ከሆነ ክሊር የለውም፣ የምታሸው ራሱን ቀለሙን ነው። ጨርቁ ነጭ ሆኖ ትንሽ ግራጫ ብቻ ከያዘ ክሊር አለው። ቀጥሎ ሌላ ንጹሕ ጨርቅ ጫፉን ቲነር አስነክተህ ወደ አሥር ሰከንድ ተጭነህ ያዝና አንሳው። ቀለም ከተነሳ ወይም ቦታው ከተጣበቀ ማጠንከሪያ የለውም።

ይኼን በእያንዳንዱ አካል ላይ አድርግ፤ ኮፈን ለብቻ፣ ፓራፋንጎ ለብቻ፣ በር ለብቻ። ውጤቱን ጻፍልኝ።

---

ባቲ_ሚሌ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡30

ጋሽ ቀቢው ያሉት እውነት ነው። እኔ ከባድ መኪና ነው የምነዳው፣ ኮምቦልቻ ባቲ ሚሌ መስመር። ሬንጅ ለእኛ የዕለት እንጀራ ነው። የማስለቅቅበት መንገድ የምግብ ዘይት ነው፣ ሌላ የለም። ጥጥ ነክረህ ሬንጁ ላይ ለጥፈህበት ሻይህን ጠጥተህ ስትመለስ ራሱ ይላቀቃል። አለመቸኮል ብቻ ነው የሚፈልገው።

አንድ የማልስማማበት አለኝ ግን። ናፍጣ በውሃ አድርገህ ገላዋን ስትወለውላት እንዴት እንደምታበራ! ስንት ዓመት አድርጌዋለሁ፣ ቀለሜ አልተነሳም።

---

ጋሽ_ቀቢው · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡10

ባቲ ሚሌ፣ ዘይቱ ላይ አንድ ነን። ናፍጣው ላይ ግን አይደለንም። የምታየው ብርሃን የቀለሙ አይደለም፣ ቀለሙ ላይ የቀረው ቅባት ነው። ያ ቅባት የባቲን አቧራ እንደ ማር ይይዘዋል፤ በማግስቱ በደረቅ ጨርቅ ስትጠርገው አቧራው የብርጭቆ ወረቀት ይሆንብሃል። ያንተ መኪና ነጭ ከሆነ ጭረቱ ላይታይህ ይችላል፤ የዚህ ልጅ ጥቁር ሰማያዊ ናት፣ ሁሉንም ነው የምታሳየው።

---

ባቲ_ሚሌ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡25

ነጭ ናት፣ አልዋሽም። ለእኔ ግን ናፍጣው ይቀጥላል ጋሼ 🙂

---

የጦሳ_ልጅ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡00

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁለቱንም ፈተና አካል በአካል አደረግኩ።

ኮፈኑና አራቱ በሮች፦ ጨርቁ አልሰመየም፣ ቲነሩም ምንም አላነሳም። ጣሪያው እንደዚሁ።

ሁለቱ የፊት ፓራፋንጎዎች፦ ጨርቁ ሰማያዊ ሆነ። ቲነሩን ሳነሳው ደግሞ ጣቴ እስኪጣበቅ ድረስ ለሰለሰ።

ደግሜ ደግሜ ነው የሞከርኩት፣ ያው ነው። አንድ ጋራዥ፣ አንድ ጊዜ፣ አንድ ክፍያ። ሄጄ ስጠይቃቸው የጀመሩት ቀለም ስላለቀ ፓራፋንጎዎቹን "ያንኑ ቀለም ከሌላ ቆርቆሮ" መቀባታቸውን ነገሩኝ። ሲቀቡ ቢነግሩኝ ቅር አይለኝም ነበር፤ ቢያንስ ልጁን ቤንዚን አታስነካ እለው ነበር። አሁን ምን ላድርግ?

---

እሙ_ሀያት · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡20

ሱብሃነላህ። እኔም ነገ ቪትዜን እፈትናታለሁ።

---

ጋሽ_ቀቢው (ኮምቦልቻ) · ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡00

ጠርጥሬ ነበር። ቤንዚን በአንድ ማሸት ያፈዘዘው ቀለም ማጠንከሪያ ያለው ሊሆን አይችልም፤ ካለውም ያልደረቀ ነው። ለማንኛውም ክፉ አልሆነም፤ ትልቁ ክፍል ደህና ቀለም ነው። ከአሁን በኋላ ሁለት መኪና እንዳለህ ቁጠረው፤ ፓራፋንጎዎቹ አንድ መኪና፣ የቀረው ሌላ መኪና።

ሁሉንም ከመጀመርህ በፊት ጥላ ውስጥ አስገባት፣ ቆርቆሮው በእጅ ሲነካ ቀዝቃዛ ይሁን። ደሴ ብርድ ስለሆነ ፀሐይ አይጎዳም የሚል አለ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ይቀዘቅዛል እንጂ ፀሐዩ ከቆላው ይልቅ ነው የሚያቃጥለው። ጥቁር ኮፈን ረፋዱ ላይ ምጣድ ነው። በብዙ ውሃ እጠባት፣ አሸዋው ይውረድ። ለገላዋ አንድ ባልዲ፣ ለጎማው ሌላ ባልዲ፣ ጨርቁም ለየብቻ። ላቫጆ ቤት ጎማ የጠረገው ጨርቅ ነው ኮፈን ላይ የሚወጣው፤ የሸረሪት ድር የሚመስለው ጭረት ሁሉ ከዚያ ነው የሚመጣው።

የኮፈኑ ነጭ ቀለበት ኖራ ነው። ውሃው ሲሚንቶውን አልፎ ሲመጣ ኖራ ይዞ ይወርዳል፤ ውሃው ይተናል፣ ኖራው ይቀራል። ኖራን ሳሙና አይፈታውም፣ ኮምጣጣ ነው የሚፈታው። አቸቶና ውሃ እኩል ለእኩል ቀላቅል፣ ጨርቅ ነክረህ ቀለበቱ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ አሳርፈው፣ ሳይደርቅ በብዙ ውሃ አጥበው። ካልለቀቀ ድገመው እንጂ አትፈትገው። ሎሚ በቀጥታ አትጭመቅበት። ኖራው ለቆ ቀለበቱ እንደ ጥላ ከቀረ ክሊሩን በልቶታል ማለት ነው፤ ያኔ ኮፈኑ ማጠንከሪያ ያለው ስለሆነ በጥሩ ፖሊሽ በእጅ ይወጣል። መኪናዋንም ከበረንዳው ሥር አውጣት፤ ካልሆነ በሚቀጥለው ክረምት እዚሁ እንገናኛለን።

ሬንጁን በሁሉም ቦታ በባቲ ሚሌ ዘይት ጀምር። ሃያ ደቂቃ ይቆይ፣ አንሳው፣ የቀረ ካለ ድገም። በሮቹ ላይ አልለቅ ያለ ካለ ነጭ ጋዝ ጨርቅ ላይ ጥቂት አድርገህ አንዴ አስነካውና ወዲያው በሳሙና እጠበው። ፓራፋንጎው ላይ ግን ነጭ ጋዝም ቤንዚንም ቲነርም ሐራም ይሁንብህ። ዘይት ብቻ። ሦስት ቀን ቢወስድብህ ሦስት ቀን ይውሰድ።

የፈዘዘው ቦታ፦ ምንም ሳትነካው ሁለት ሳምንት ተወው። ቀለሙ ውስጥ የገባው ቤንዚን ተንኖ እስኪወጣ ነው። ደሴ ከኮምቦልቻ በ650 ሜትር ከፍ ስለምትል በትንሹ አራት ዲግሪ ትቀዘቅዛለች፤ እኛ ዘንድ በሳምንት የሚደርቅ እናንተ ጋ ይዘገያል። ሌሊት ብርድ በሆነበት ወር ቀለም አስቀብቶ ተጣድፎ ሰም የሚያስቀባም አለ፤ አዲስ ቀለም ቢያንስ አንድ ወር፣ በብርድ ደግሞ ሁለት ሦስት ወር ሰም አይነካውም። ከሁለት ሳምንት በኋላ በጣም ደቃቅ በሆነው ፖሊሽ፣ በለስላሳ ጨርቅ፣ በጣትህ ጫፍ ጫን ሳትል እሸው፤ ከአሥር ምልልስ በላይ እንዳትሄድ። ጨርቁ ሰማያዊ ይሆናል፣ አትደንግጥ፣ የላይኛው የሞተው ቀለም ነው። አጥብቆ መስመየም ሲጀምር አቁም። መቶ በመቶ አይመለስም። ሰባ እጅ ከተመለሰ በቃህ።

ጭረቶቹ። የቁጥቋጦውን በጥፍርህ አቋርጠህ ዳስሰው። ጥፍርህ ካልያዘው፣ ውሃ ስታፈስበትም ከጠፋ፣ ከላይ ነው ያለው። በር ላይ የሆነው በፖሊሽ ይወጣል። የብርጭቆ ወረቀት አልመክርህም። እኔ ብሆን በ2000 ከዚያም በ3000 ቁጥር በሳሙና ውሃ አርጥቤ እነካው ነበር፤ አንተ ግን ክሊሩ ምን ያህል እንደተረጨ አታውቅም፣ መለኪያም የለህም። ዲኤክስ ደግሞ ማዕዘኗ ስለታም ነው። ቀለም ሲረጭ ከማዕዘን ላይ ይሸሻል፣ ሁልጊዜ እዚያ ስስ ነው። ስንት ሰው አይቻለሁ መስመሩን ተከትሎ አሽቶ አሽቶ ግራጫው ፕራይመር ብቅ ያለበት! መስመሮቹ ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፍባቸው፣ ከዚያ አካባቢውን እሽ።

የባጃጁን ደግሞ ከማዘንህ በፊት አንድ ነገር እይ። ነጭ መስመር ነው ያልከው። ባጃጆቻችን ሰማያዊና ነጭ ናቸው። ምናልባት የምታየው ነጭ የባጃጁ ቀለም ነው፤ ካንተ የተፋቀ ሳይሆን ካንተ ላይ የተለጠፈ። በፖሊሽ እሸው፤ ከለቀቀ ከሥሩ የሚቀረው ጭረት የግማሹን ያህል ላይሆን ይችላል።

---

ፖሊሽ_ደሴ · ዓርብ፣ ከቀኑ 6፡45

ሰላም ጋሼ። እኔ ሆጤ አካባቢ በማሽን ፖሊሽ እሠራለሁ። ምክርዎ ጥሩ ነው፤ ግን በእጅ ከታሸ ሳምንት ይፈጃል፣ በማሽን የሁለት ሰዓት ሥራ ነው። ልጁ ቢያመጣት በቅናሽ እሠራለታለሁ።

---

ጋሽ_ቀቢው · ዓርብ፣ ከምሽቱ 12፡50

ልጄ፣ ሥራህን አላጣጥልም። ኮፈኑንና ጣሪያውን ብትሠራለት እኔም ደስ ይለኛል። ፓራፋንጎው ላይ ግን ማሽን ይሞቃል፣ ማጠንከሪያ የሌለው ቀለም ደግሞ ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ ስፖንጁ አንድ ቦታ ከቆመ ጎትቶ ያነሳዋል። ደንበኛ ሲመጣልህ ማሽኑን ከመሰካትህ በፊት ነጭ ጨርቁን አስቀድም። ያ ልማድ ከያዘህ ብዙ ኪሣራ ያስቀርልሃል።

---

ፖሊሽ_ደሴ · ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡05

እሺ ጋሼ። ባለፈው ዓመት አንድ ፓራውልት ላይ የደረሰብኝ አሁን ነው የገባኝ።

---

እሙ_ሀያት · ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4፡10

ፈተንኳት። የተቀባው በር ጨርቁን ቀይ አደረገው፣ የኋላው በር ነጭ። ጋሼ፣ አላህ ዕድሜ ይስጥልን። ለሌሎች እንዲጠቅም፦ የወፍ ኩስ ከያዘባችሁ ደርቆ ሳለ አትፋቁት። እርጥብ ጨርቅ አሥር ደቂቃ አልብሱት፣ ራሱ ይነሳል። መሥሪያ ቤታችን በር ላይ ባሕር ዛፍ ሥር ስለማቆም በዚህ በደንብ ተፈትኛለሁ። ዋናው በዚያው ቀን ማንሳት ነው፤ ፀሐይ ላይ ሁለት ሦስት ቀን ካደረ ቀለሙን ይበላዋል።

---

የጦሳ_ልጅ · ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ከቀኑ 10፡30

የሆነውን ልንገራችሁ።

ሬንጁ በዘይት ሙሉ በሙሉ ለቀቀ። ፓራፋንጎዎቹ ላይ አራት ምሽት ፈጀብኝ። ጥጡን ለጥፌ እየተቀመጥኩ ስጠብቅ እናቴም ወጥታ አጠገቤ ትቀመጥ ነበር፤ አባቴ በዚች መኪና ማንን የት እንዳደረሰ ስታወራኝ አመሸን።

የኮፈኑ ቀለበት በአቸቶ ከሁለት ቦታ በስተቀር ሄደ። ሁለቱ እንደ ጥላ ቀርተው ነበር፤ ፖሊሽ ደሴ በማሽን አወጣልኝ፣ ኮፈኑንና ጣሪያውን ብቻ ነው የነካው። አሁን የምታድረው ከበረንዳው ወዲያ ነው።

የቁጥቋጦው መስመር በር ላይ ያለው ጠፍቷል። ፓራፋንጎ ላይ ያለው ቀንሷል እንጂ አልጠፋም፤ ጨርቁ አጥብቆ ሲሰማይ አቆምኩ። የፈዘዘው መዳፍ የሚያህል ቦታ ከፊት ለፊት ሲታይ አይለይም፣ ከጎን ሲታይ ይለያል።

የባጃጁ እንዳሉት ነው ጋሼ! ነጩ የባጃጁ ቀለም ነበር፣ በፖሊሽ ተነሳ። ከሥሩ ግን ጣት የምታህል ቦታ ላይ ጥፍር ይይዛል፤ ግራጫ ይታያል፣ መሐሉ ላይ ደግሞ የሚያብለጨልጭ ነጥብ አለ። እሱን ምን ላድርገው?

---

ጋሽ_ቀቢው (ኮምቦልቻ) · እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡00

የሚያብለጨልጨው ቆርቆሮው ነው። እሱ በማሸት አይመለስም፣ እንዳትነካው። ዝናብ ካገኘው ይዝጋል፤ ዝገቱ ደግሞ ከቀለሙ ሥር ነው የሚሄደው፣ ስታየው ረፍዷል። ለጊዜው ደረቅ መሆኑን አረጋግጠህ የወረቀት ፕላስተር ለጥፍበት።

የሚሠራው በቀጭን ብሩሽ ነው፤ መጀመሪያ ነጥቧ ላይ ዝገት የሚከላከለው አንቲረስት፣ ሲደርቅ ቀለም፣ ስስ አድርጎ ሦስት አራት ጊዜ፣ በመሐሉ እያደረቁ። በአንዴ ከሞላኸው ያብጣል። ከዚያ ክሊር። ከአንድ ወር በኋላ ከዙሪያው ጋር ይስተካከላል። ትልቁ ጣጣ ቀለሙን ማመሳሰል ነው። በስም ብቻ ጥቁር ሰማያዊ ብለህ ብትገዛ አይገጥምልህም፣ በዓይን ነው የሚቀላቀለው።

ስለዚህ የነዳጁን ክዳን ፈትተህ ይዘኸው ኮምቦልቻ ውረድ። ፓራፋንጎው ሳይሆን ክዳኑ በሮቹ በተቀቡበት ቀለም መቀባቱን በነጭ ጨርቅ አረጋግጥ። ቅዳሜ ጠዋት ቤት ነኝ፤ ቀለሙን በፀሐይ ብርሃን ስለምናየው ከአራት ሰዓት በፊት ድረስልኝ።

---

የጦሳ_ልጅ · እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡10

ክዳኑን አሁን ፈተንኩት፤ እንደ በሮቹ ነው። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ እርስዎ ጋ ነኝ ጋሼ። እናቴም እመጣለሁ ብላለች።